የዓሣ መዝገብ በሜሞሪ ውስጥ፦ ከባሕር ዳር የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ፦ መነሻ

ሥራው በጣና ዳርቻ ባሉ የዓሣ ማራገፊያዎች በእጅ ሲጻፍ የቆየውን መዝገብ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሜሞሪ ውስጥ አስገብቶ በዝርያና በወር መደመርና ማነጻጸር ነው። ደብተሮቹ የባሕር ዳር፣ የዘጌ፣ የቁንዝላና የጎርጎራ ሲሆኑ፣ የእያንዳንዱ ማራገፊያ መዝገብ በየራሱ ፋይል ይቀመጣል። አንድ መስመር ቀን፣ ዝርያ፣ የሞተር ጉልበት፣ ክብደትና ርዝመት ይይዛል። ነጭ ዓሣ በክረምቱ መጨረሻ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ስለሚወጣ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የሚያዘው ከሌላው ወቅት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል ማየት የሁሉም ፍላጎት ነው።

ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ሲሆን ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመር አይቻልም፤ አዲስ ለመግዛት ደግሞ በጀት የለም። እስካሁን በገንዘብ የወጣው ለፍላሽ ዲስክና ለፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። የሚቆጠበው እንግዲህ ባይት ነው። የተጫነው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን 3.10 ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች፣ ሌላ እትም ካልተጠቀሰ በቀር፣ የዚያ እትም የ64 ቢት መጠኖች ናቸው። ደብተሮቹ ገና ተጽፈው ስላላለቁ መለኪያውን የምሠራው አንድ ሚሊዮን የሙከራ መስመሮችን በስክሪፕት ፈጥሬ ነው።

የመጀመሪያው እትም እያንዳንዱን መስመር በአንድ ዲክሽነሪ፣ ማለትም ቁልፍ የሚባል ስምን ከዋጋው ጋር በሚያጣምር ሠንጠረዥ፣ ያስቀምጣል። ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አምስት ቁልፍ ያለው አንድ ዲክሽነሪ 232 ባይት ይወስዳል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ዘረዘርኩት። ዲክሽነሪው ራሱ 48፣ የቆሻሻ ሰብሳቢው (የማያስፈልግ ሜሞሪን የሚያስለቅቀው የፓይተን ክፍል) መያዣ 16፣ የቁልፍ ሠንጠረዡ ራስጌ 40፣ ስምንት ቦታ ያለው ማውጫ 8፣ በመጨረሻም አምስት ምዝገባዎች እያንዳንዳቸው በ24 ባይት 120 ይሆናሉ። በአንዱ ምዝገባ ውስጥ የሐሽ ቁጥሩ (ቁልፉን ቶሎ ለማግኘት ከስሙ የሚሰላ ቁጥር)፣ ወደ ቁልፉ የሚያመለክተው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) እና ወደ ዋጋው የሚያመለክተው ፖይንተር አሉ። ስድስተኛ ፊልድ፣ ለምሳሌ «ማስታወሻ»፣ ሲጨመር ሠንጠረዡ ወደ አሥራ ስድስት ቦታ ስለሚሰፋ መጠኑ በአንድ ጊዜ 360 ይደርሳል። «ክብደት» የሚለው ስም አንድ ሚሊዮን ጊዜ ባይጻፍም፣ ወደ ስሙ የሚያመለክተው ፖይንተርና የሐሽ ቁጥሩ ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይጻፋሉ። እየባከነ ያለው ይህ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ ወደ ክላስ

ዲክሽነሪውን ትቼ «መዝገብ» የሚባል ክላስ፣ ማለትም የኦብጀክቶች ንድፍ፣ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱ መስመር የዚህ ክላስ አንድ ኦብጀክት ነው። ብዙዎች ክላስ ከዲክሽነሪ የከበደ ይመስላቸዋል፤ በፓይተን ግን ፊልዶቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሞሉ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኦብጀክቱ ራሱ 48 ባይት ነው፤ የማጣቀሻ ቆጣሪ፣ ወደ ክላሱ የሚያመለክት ፖይንተር፣ ወደ ዲክሽነሪው የሚያመለክት ፖይንተር፣ የደካማ ማጣቀሻ ቦታ እና የቆሻሻ ሰብሳቢው መያዣ ተደምረው ማለት ነው። ፊልዶቹ የሚገኙት በኦብጀክቱ ዲክሽነሪ ውስጥ ሲሆን የዚህ መጠን ግን 232 ሳይሆን 104 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 152 ይሆናሉ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቁልፍ የመጋራት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 የአንድ ክላስ ኦብጀክቶች የቁልፍ ሠንጠረዡን በጋራ እንዲይዙና እያንዳንዱ ኦብጀክት የዋጋዎቹን ድርድር ብቻ ለራሱ እንዲያስቀምጥ አደረገ። የፊልዶቹ ስምና ሐሽ በክላሱ ዘንድ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ በየኦብጀክቱ የሚቀረው አምስት ፖይንተር ነው። አንድ ሚሊዮን መስመር ላይ ሲታይ ከ232 ሜጋባይት ወደ 152 ሜጋባይት መውረድ ማለት ነው፤ ዋጋዎቹ ራሳቸው የሚይዙት ቦታ ሳይቆጠር።

ኅዳር መጨረሻ፦ ታንኳዎቹ

ከቁንዝላ የመጣውን እውነተኛ ፋይል ስጭን የሜሞሪው ፍጆታ ከሙከራው መስመሮች ስሌት እጅግ በለጠ። ክላሱ ያው ነው፤ የፊልዶቹም ቁጥር ያው ነው። ምክንያቱን ለማግኘት የየኦብጀክቱን ዲክሽነሪ መጠን እያተምኩ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች 104 ናቸው፤ ከዚያ አንድ መስመር 232 ይሆንና ከእሱ በኋላ የተፈጠሩት በሙሉ 232 ሆነው ይቀጥላሉ። 104 የሚል ቁጥር ዳግም አይታይም።

ያ መስመር የታንኳ ነበር። በሞተር ጀልባ የመጣ ዓሣ የሞተር ጉልበት ይጻፍለታል፤ በደንገል ታንኳ የመጣው ግን በደብተሩ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ፋይሉን የሚያነበው ኮድ ባዶ ሕዋስ ሲያገኝ ፊልዱን ጨርሶ ይዘለዋል። የጋራው ሠንጠረዥ ቅደም ተከተል ቀን፣ ዝርያ፣ ሞተር፣ ክብደት፣ ርዝመት ሆኖ ሳለ፣ የታንኳው ኦብጀክት ከዝርያ ቀጥሎ ክብደትን ሲጽፍ ሦስተኛውን ቦታ ዘልሎ ወደ አራተኛው ይሄዳል። የ3.10 ቁልፍ መጋራት የሚሠራው ፊልዶቹ በሠንጠረዡ ቅደም ተከተል ከገቡ ብቻ ስለሆነ ያ ኦብጀክት የራሱ ሙሉ ዲክሽነሪ ይሰጠዋል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ክላሱ የጋራውን ሠንጠረዥ መተዉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈጠሩት የሞተር ጀልባ መዝገቦችም ጭምር እያንዳንዳቸው 48 እና 232፣ በጠቅላላው 280 ባይት ይወስዳሉ። ፊልድን በዴል ትእዛዝ መሰረዝም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ በሙከራ አረጋግጫለሁ።

ይህን በኮድ ብቻ ማረም ይቻል ነበር። ሆኖም ባዶ ሕዋስ «ሞተር የለም» ማለት ይሁን «ሳይጻፍ ቀረ» ማለት ከደብተሩ መለየት ስላልተቻለ፣ ዓሣ የሚመዝኑትን አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ታንኳ ሲመጣ የሞተሩን ቦታ ለምን ይዘሉታል?»

«ታንኳ ምን ሞተር አለው ልጄ? የሌለውን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰረዝ ቢያደርጉበትስ?»

«ሰረዝማ ይደረግ፤ ምን ይከብዳል።»

ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ደብተሮች ሰረዝ አላቸው። የክላሱ ማስጀመሪያ ደግሞ አምስቱንም ፊልዶች፣ ዋጋ ባይኖርም ነን የሚባለውን የፓይተን «ምንም» እየሰጠ፣ በአንድ ቅደም ተከተል ይሞላል። ነን በመላው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ኦብጀክት ብቻ ስለሆነ የሚያስከፍለው የአንድ ፖይንተር ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በዋጋዎቹ ድርድር ውስጥ አስቀድሞ ተይዟል። የቁንዝላው ፋይል እንደገና ሲጫን ሁሉም መስመሮች 104 ሆኑ። በዚህ ሥራ ከተማርኩት ሁሉ ለሌላ ሰው አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው፤ ፊልድ ባዶ ይሁን እንጂ አይጉደል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ስሎትስ

የፊልዶቹ ስም አስቀድሞ የታወቀና የማይለወጥ ከሆነ ዲክሽነሪው ራሱ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ፓይተን 2.2 የገባው ስሎትስ ይህንኑ ይፈቅዳል። ክላሱ የፊልዶቹን ስም ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱ ፊልድ በኦብጀክቱ ውስጥ ከመነሻው የታወቀ ርቀት ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡ ከፓይተን እጅግ ይቀድማል፤ በኖርዌይ ዳልና ኒጋርድ በሠሩት ሲሙላ 67 ውስጥም የኦብጀክት ፊልዶች ቦታቸው በክላሱ የተወሰነ ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ፊልድ ማንበብ ስም መፈለግ መሆኑ ቀርቶ በአድራሻ ላይ ቁጥር መደመር ይሆናል።

መጠኑ 72 ባይት ሆነ፤ 16 የኦብጀክቱ ራስጌ፣ 40 አምስቱ ፖይንተሮች፣ 16 የቆሻሻ ሰብሳቢው መያዣ። ከ280 ተነስቶ ወደ 72 መውረድ ለአንድ ሚሊዮን መስመር ከ200 ሜጋባይት በላይ ማትረፍ ስለሆነ፣ በዚህ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘሩ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ልዩነት ነው።

ሁለት መሰናክሎች ገጠሙ። አንደኛው፣ «የሞተር መዝገብ» የሚል ንዑስ ክላስ ስፈጥር ንዑስ ክላሱ የራሱን ስሎትስ ካላወጀ ዲክሽነሪው ተመልሶ ይመጣል፤ ባዶ ዝርዝር ቢሆንም ማወጅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ለፊልድ መነሻ ዋጋ በክላሱ አካል ውስጥ መስጠት ከስሎትስ ስም ጋር ይጋጫል፤ ፓይተን ክላሱን ለመፍጠር እንኳ እምቢ ይላል። በ3.10 የገባው የዳታክላስ (ክላስን በአጭሩ የመጻፊያ ዘዴ) ስሎትስ አማራጭ ይህን ሁለተኛውን ስለሚፈታ ወደ እሱ ዞርኩ። ንዑስ ክላሱን ግን ትቸዋለሁ፤ የሞተሩ ፊልድ ነን መሆኑ ታንኳን ለመለየት ይበቃል።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ ጽሑፉና ቀኑ

ኦብጀክቱ ቢቀንስም የሚያመለክትባቸው ዋጋዎች ገና አልተነኩም። በፓይተን ከላቲን ፊደል ውጭ የሆነ አጭር ጽሑፍ በ3.10 ለራስጌና ለመዝጊያ 74 ባይት፣ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 2 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ቆሮሶ» 80፣ «አምባዛ» 82፣ «ነጭ ዓሣ» በመካከሉ ካለው ክፍት ቦታ ጋር 84 ባይት ነው። ሲኤስቪ (ሕዋሶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አንባቢው ለእያንዳንዱ ሕዋስ አዲስ የጽሑፍ ኦብጀክት ስለሚፈጥር «ቆሮሶ» በሺህ መስመር ቢገኝ ሺህ ቅጂ ይኖረዋል። የዝርያው ስም ከመዝገቡ ኦብጀክት ራሱ ይበልጥ ቦታ መያዙ አስገራሚ ነው። ሲስ ሞጁል ውስጥ ያለውን ኢንተርን ተጠቅሜ ተመሳሳይ ጽሑፎች አንድ ቅጂ እንዲጋሩ አደረግኩ፤ ሌላ ምንም ሳይነካ የፕሮግራሙ ፍጆታ ወዲያው ወረደ። ያኔም «ነጭ ዓሣ»፣ «ነጭ ዓሳ» እና «ነጭ አሳ» ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ሆነው ስለቀሩ፣ ከመጋራቱ በፊት አጻጻፉን አንድ የሚያደርግ አጭር ሠንጠረዥ ተጨመረ።

ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የፓይተን የቀን ክላስ ከ12 በላይ ወር ስለማይቀበል የመጀመሪያው የጳጉሜን መስመር ላይ ጭነቱ ቆመ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሚፈለገው ግን በኢትዮጵያ ወር መመደብ ስለሆነ፣ ለአንድ መስመር ሁለት ጊዜ መለወጥ ትርፍ የለውም። በምትኩ ቀኑን በተራ ቁጥር አስቀመጥኩ፤ ዓመቱ ላይ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፣ የዓመቱን ሩብ ያለ ክፋይ መደመር፣ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ከዚያ ቀኑን መደመር ነው። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና ያለ ልዩ ሁኔታ ትስተናገዳለች፤ ስድስት ቀን የምትሆንበትንም ዓመት የዓመቱ ሩብ በራሱ ይይዘዋል። በተጨማሪም ሁለት ቀኖችን ማነጻጸር ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር ብቻ ይሆናል።

ጥር መጀመሪያ፦ በ3.11 መሞከር

በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን 3.11 ጭኜ ያንኑ የታንኳ ፋይል፣ የድሮውን የሚዘልል ኮድ መልሼ፣ ለማወዳደር ሞከርኩ። ከዚህ እትም ጀምሮ ፊልዶች በተለያየ ቅደም ተከተል መግባታቸው ብቻውን መጋራቱን አያፈርስም፤ የኦብጀክቱ ዲክሽነሪም እስኪጠየቅ ድረስ አይፈጠርም። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን መለኪያዬ መጀመሪያ ላይ ከስሌቱ ጋር ፈጽሞ አልገጠመም፤ ምክንያቱም የዲክሽነሪውን መጠን ለማወቅ ዲክሽነሪውን መጥራት ራሱ እንዲፈጠር ያደርገዋል። መለካቱ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የየኦብጀክቱን መጠን መጠየቅ ትቼ ትሬስማሎክ በሚባለው የፓይተን የሜሞሪ መከታተያ የጠቅላላውን ምደባ ልዩነት ከጭነት በፊትና በኋላ እየወሰድኩ ነው። የማራገፊያው ላፕቶፕ ላይ ያለው 3.10 ስለሆነ ማስጀመሪያው ሁሉንም ፊልድ መሙላቱ እንዳለ ይቀጥላል፤ በአዲሱም እትም ቢሆን ጉዳት የለውም።

ጥር አጋማሽ፦ ከኦብጀክት ወደ አምድ

ከጥምቀት በኋላ የበለጠ ማጥበቅ ይቻል እንደሆነ አየሁ። ስሎትስ ያለው ኦብጀክት የሚይዘው ፖይንተር እንጂ ቁጥሩን ራሱን አይደለም። ፓይተን ከኔጋቲቭ 5 እስከ 256 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች አስቀድሞ ፈጥሮ ስለሚያስቀምጥ የሞተር ጉልበት በነጻ ነው፤ በግራም የተጻፈ ክብደት ግን ለብቻው የ28 ባይት ኦብጀክት ነው። ለመደመርና ለማጣራት ብቻ የሚፈለግ መረጃ ኦብጀክት መሆን የለበትም የሚል አቋም ያዝኩ። አምስት ድርድሮች ተፈጠሩ፤ ቀን 4 ባይት፣ ክብደት በግራም 4 ባይት፣ ርዝመት በሚሊ ሜትር 2 ባይት፣ የዝርያ ኮድ 1 ባይት፣ የሞተር ጉልበት 1 ባይት። ለአንድ መስመር 12 ባይት፣ ለአንድ ሚሊዮን 12 ሜጋባይት ነው፤ ከዚህ ውጭ የሚቆጠር ዋጋ የለም። የነጭ ዓሣ ርዝመት እስከ ጅራቱ መክፈያ መሃል፣ የቆሮሶና የአምባዛ ደግሞ እስከ ጅራቱ ጫፍ ስለሚለካ የትኛው መለኪያ እንደሆነ ከዝርያው ኮድ ይታወቃል፤ ተጨማሪ ፊልድ አላስፈለገም።

ነን የሚባል ነገር እዚህ የለም። ስለዚህ ለሞተር 0 ታንኳ፣ 255 ያልተጻፈ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለርዝመትና ለክብደት 0 ያልተለካ ነው። በደብተሩ ላይ ሰረዙ ባይገባ ኖሮ ሁለቱን የሞተር ሁኔታዎች መለየት አይቻልም ነበር።

ፋይሉን የምታነብ በሲ ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራምም ስለምትፈለግ ያንኑ መስመር ፊልዶችን በባይት በሚደረድረው የፓይተን ስትራክት ሞጁል ጻፍኩት። ፊልዶቹን ዝርያ፣ ቀን፣ ሞተር፣ ክብደት፣ ርዝመት ብዬ ስደረድር ፓይተን መጠኑን 18 አለ፤ ሲ ደግሞ 20። ባለ 4 ባይት ቁጥር በ4 በሚካፈል አድራሻ ላይ መጀመር ስላለበት ከዝርያውና ከሞተሩ በኋላ ሦስት ሦስት ባዶ ባይቶች ይገባሉ፤ ይህንን ሁለቱም ያደርጉታል። ሲ ግን ቀጣዩ መስመር እንዲስተካከል መጨረሻው ላይም ሁለት ባይት ይጨምራል፤ የፓይተን ስትራክት ሞጁል ይህን ካልታዘዘ አያደርግም። የመጀመሪያው መስመር ትክክል ሆኖ ከሁለተኛው ጀምሮ ክብደቶቹ የተዘበራረቁት በዚህ ነው። ትላልቆቹን አስቀድሜ፣ ቀን፣ ክብደት፣ ርዝመት፣ ዝርያ፣ ሞተር ብዬ ሳስተካክለው በሁለቱም በኩል 12 ሆነ፤ አንድም ባዶ ባይት የለም።

የካቲት፦ ብራውዘሩ

መዝገቡን በብራውዘር የሚያሳየው ገጽ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን መስመሮቹ በጄሰን (መረጃን በጽሑፍ የመላኪያ ቅርጸት) ይላኩለት ነበር። ጃቫስክሪፕት ለፕሮግራመሩ ኦብጀክትን እንደ ዲክሽነሪ ያሳየዋል፤ የክሮም ሞተር የሆነው ቪ8 ግን ከውስጥ ለእያንዳንዱ የኦብጀክት ቅርጽ የተሰወረ ክላስ ያበጅለታል። የፊልዶቹ ስምና ርቀት በተሰወረው ክላስ፣ ዋጋዎቹ ብቻ በኦብጀክቱ ይቀመጣሉ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰልፍ በሚባለው ቋንቋ ላይ ቻምበርስ፣ አንጋርና ሊ ከሠሩት ሥራ የመጣ ነው። ሩቢም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በወጣው 3.2 ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች።

ሰርቨሩ ባዶ ፊልዶችን ከጄሰኑ ያወጣ ነበር፤ የሚላከው መጠን እንዲቀንስ ተብሎ ነው። ሞተር፣ ክብደትና ርዝመት ሊጎድሉ ስለሚችሉ ኦብጀክቶቹ እስከ ስምንት የተለያየ ቅርጽ ይኖራቸዋል። የማጣሪያው ሉፕ «ክብደት»ን በሚያነብበት ቦታ ላይ ቪ8 ከዚህ ቀደም ያያቸውን ቅርጾች እስከ አራት ድረስ ያስታውሳል፤ ከዚያ ካለፈ ያንን ትቶ ወደ ዝግተኛው አጠቃላይ ፍለጋ ይሄዳል። የታንኳው ችግር በሌላ ቋንቋ ተደግሟል። ባዶዎቹ ፊልዶች ነል (የጃቫስክሪፕት «ምንም») ሆነው፣ ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል እንዲላኩ ሲደረግ ወሩን ሲለውጡ ይታይ የነበረው መጓተት ቀነሰ።

ከዚያ ጄሰኑን ጭራሽ ትቼ አምዶቹን በባይት መላክ ጀመርኩ። ብራውዘሩ በታይፕድ አሬይ (የአንድ ዓይነት ቁጥሮች ድርድር) በቀጥታ ስለሚያነባቸው የሚፈጠር ኦብጀክት የለም። የመጀመሪያው ሙከራ የዝርያውን አምድ አስቀድሞ ስለነበር በአንዳንድ ማራገፊያ ሠርቶ በሌላው «ሬንጅ ኤረር» የሚባል ስሕተት አወጣ። የመስመሮቹ ብዛት በ4 ሳይካፈል ሲቀር ቀጥሎ የሚመጣው ባለ 4 ባይት አምድ በማይፈቀድ ቦታ ላይ ይጀምራልና ነው። እዚህም መፍትሔው በሲ ከሠራሁት አይለይም፤ ቀንና ክብደት ይቀድማሉ፣ ርዝመት ይከተላል፣ ባለ አንድ ባይቶቹ መጨረሻ ይሆናሉ። አሁን የአራቱም ማራገፊያዎች ፋይል ያለ ስሕተት ይከፈታል። የቀረው የጎርጎራን አሮጌ ደብተሮች ማስገባት ሲሆን፣ በእነርሱ ላይ ሰረዝ ስለሌለ የሞተሩ ቦታ ባዶ የሆነው መስመር ሁሉ 255 ሆኖ ይገባል።